ያልተነካ፤ ኢንተግሪቲ ስለሚባለው ቃል የቀረበ ትችት

በየዘመኑ በሰው ሁሉ አፍ የሚገባ አንድ ቃል አይጠፋም። በልጅነቴ «ሥልጣኔ» ነበረ፤ ጐልማሳ ስሆን «አብዮት» ሆነ፤ ከዚያም «ልማት» ተተካ። አሁን ደግሞ ከተማረው ሰው አፍ የማይለየው «ኢንተግሪቲ» የሚባለው የእንግሊዝ ቃል ነው። የሥራ ማስታወቂያ ይጠይቀዋል፤ በስብሰባ ይነገራል፤ በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀላል። ነገር ግን «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቅ፥ አንዱ ታማኝነት፥ ሁለተኛው ሐቀኝነት፥ ሦስተኛው ቅንነት ይለናል፤ አራተኛውም «በአማርኛ አይገኝለትም» ብሎ ይቈርጣል። የነገሩን ምንነት ሳያውቅ ስሙን ብቻ የሚደጋግም ሰው፥ ነገሩ ከእጁ የወጣ ዕለት እንኳ መውጣቱን አያውቅም። ስለዚህ ቃሉን ከነሥሩ ብንመረምረው የሚጠቅም ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሌላውን ከመተቸቴ በፊት የራሴን ዕዳ ልክፈል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ከሰማኋቸው የግብረ ገብ ትምህርቶች አንዱ የሰም ታሪክ ነበር። በጥንት ሮማ ሐውልት ጠራቢዎች እብነ በረዱ ሲሰነጠቅባቸው ስንጥቁን በሰም ደፍነው ይሸጡ ነበር፤ ገዥው ወስዶ ከፀሐይ ሲያቆመው ሰሙ ይቀልጥና ጕዱ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅን የሆኑት ጠራቢዎች «ሲኔ ኬራ» ማለት «ያለ ሰም» እያሉ ይሸጡ ነበር፤ «ሲንሲር» የተባለውም የእንግሊዝ ቃል ከዚህ ተወለደ ይባላል። ታሪኩ ለልጅ ጆሮ እጅግ ይጥማል። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ስቆም በየዓመቱ አስተማርሁት።

በኋላ ዘመን ደግሞ ለዚህ ታሪክ ወንድም መጣለት፤ እርሱም የጥሩር ታሪክ ነው። የሮማ ወታደር በየማለዳው በአለቃው ፊት ቆሞ ደረቱን በጡጫ እየመታ «ኢንተግሪታስ!» ብሎ ይጮኽ ነበር፤ ትርጕሙም «ጥሩሬ ሙሉ ነው፤ ልቤም ሙሉ ነው» ማለት ነው ይላሉ። ይህንንም ከአንድ የሥልጠና ወረቀት አንብቤ፥ ሳልመረምር ለሌሎች አቀበልሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለበዓል ሊጠይቀኝ መጣ። ይህ ሰው ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለ፥ ያልገባ ዕቃ እንደ ገባ ተቈጥሮ ሞዴል 19 እንዲፈርም ታዘዘ። አልፈርምም አለ። ከሥራውም ተነሥቶ ከቤተ ሰቡ ርቆ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ብዙም ተጐዳ። ቡና እየጠጣን ሳለን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፥ ልፈርም ወይስ ልተው እያልሁ ሳልተኛ ባደርሁበት ሌሊት የሰሙ ታሪክ ከፊቴ አልጠፋ ብሎ ነበር ያደረው። አሁን ግን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ታሪኩ ሐሰት ነው አለችኝ። እውነት ነው?» እኔም «እስቲ ልመልከተው» ብዬ ነገሩን አሳደርሁት። እርሱ ከሄደ በኋላ መዛግብተ ቃላት ገልጬ ስመለከት ልጅቱ ትክክል ነበረች።

የቃላትን ሥር የሚመረምሩ ሊቃውንት የሰሙን ታሪክ አይቀበሉትም። «ሲንኬሩስ» በላቲን ንጹሕ፥ ያልተደባለቀ ማለት ነው እንጂ ከሰም ጋር ዝምድና የለውም። የጥሩሩም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። ስለ ሮማ ጦር ሥርዓት መጽሐፍ የጻፈው ቬጌቲዩስ ስለ ወታደር ምልመላ፥ ስለ ልምምድና ስለ መሣሪያ በሰፊው ሲጽፍ እንዲህ ያለ የማለዳ ጩኸት አያነሣም። ሁለቱም ታሪኮች ትምህርቱ ከተወደደ በኋላ ለትምህርቱ ሲባል የተሠሩ ናቸው። ስለ እውነተኛነት የሚያስተምር ታሪክ ራሱ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለሠላሳ ዓመት ላስተማረው ሰው ግን አያስቅም።

እንግዲህ እውነተኛው ሥር ምንድር ነው? «ኢንተግሪቲ» «ኢንቴጌር» ከሚለው የላቲን ቃል ይወጣል። «ኢን» አፍራሽ ናት፤ «ታንጌሬ» መንካት ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ያልተነካ» ይሆናል። ያልተነካ ነገር ምንም አልጐደለበትምና ሙሉ ነው። ስለዚህም እንግሊዞች ሙሉ ቍጥርን «ኢንቲጀር» ይሉታል፤ በሒሳብ ትምህርት ከክፍልፋይ የምንለየው ያው ሙሉ ቍጥር ነው። ወታደር ከተፈለገም ቃሉ ከወታደር ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው። ጁልዩስ ቄሳር ስለ ጋልያ ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ፥ የደከሙትን ሊተኩ የሚገቡትን ገና ያልተዋጉ ጭፍሮች በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል፤ ጦርነቱ ያልነካቸው ማለቱ ነው። እንግዲህ እውነቱ ከተረቱ ያነሰ ጣዕም ያለው አይደለም፤ የጐደለን የመፈለግ ትዕግሥት ነበር።

ቃሉ ከነገር ወደ ሰው የተሻገረው ገና በጥንት ነው። ኪኬሮ የተባለው የሮማ ጠበቃና የመንግሥት ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ሲሲልያን የዘረፈውን አገረ ገዥ ቬሬስን ከሶ፥ ቬሬስ ፍርዱ ሳይፈጸም አገር ጥሎ እንዲሰደድ ያደረገ ሰው ነው። እርሱና የዘመኑ ጸሐፊዎች «ኢንተግሪታስ» የሚለውን ቃል በአደራ ሀብት ላይ ተሹሞ እጁን ላልዘረጋ ሰው ይሰጡት ነበር። አማርኛችንም ከዚህ ሥዕል ሩቅ አይደለም። ስለ አንድ ንጹሕ ሰው ስንመሰክር «የሰው ገንዘብ አይነካም» እንላለን፤ ራሱን የሚከላከልም «አንዲት ሳንቲም አልነካሁም» ይላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ላቲኑ ያልተነካ ይላል፥ እኛ የማይነካ እንላለን። እርሱ የሰውየውን ልብ ያያል፤ እኛ የሰውየውን እጅ እናያለን። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ናቸው፤ ምክንያቱም እጅ ወደ ሰው ገንዘብ የሚዘረጋው ልብ አስቀድሞ ከተነካ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ቃሎቻችን እንመለስ። «ታማኝነት» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ታማኝ የሚባለው ለሌላ ነው። ለሌባ አለቃ የሚታመን የሌባ ሎሌ አለ፤ ምሥጢር አያወጣም፥ የተሰጠውን ድርሻ አያጐድልም፥ ጌታውን አይከዳም። ታማኝ ነው፤ ሙሉ ሰው ግን አይደለም። ተማሪዬን ያልገባ ዕቃ ፈርም ያሉትም ሰዎች ከእርሱ የፈለጉት ታማኝነትን ነበር። «ሐቀኝነት»ም መልካም ነው፤ ግን ይበልጡን የሚመለከተው ንግግርንና ድርሻን ነው፤ ሰው ሲጠየቅ ሐቁን ተናግሮ፥ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን የሚያውቀውን ግፍ በዝምታ ሊያሳልፍ ይችላል። «ቅንነት» ከሁሉ ይቀርባል። ቀና ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ከጠማማ ጋር ይቃረናል፤ ሥዕሉም ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬ ንግግር ቅን ሰው ስንል ብዙ ጊዜ ደግ፥ ተንኰል የማያውቅ፥ አልፎም በቀላሉ የሚታለል ማለታችን ስለ ሆነ ቃሉ ከጥንት ጕልበቱ ጥቂት ላልቷል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮብን ሲያስተዋውቀን «ፍጹም» እና «ቅን» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። በ1611 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዝ ትርጕም በኢዮብ መጽሐፍ «ኢንተግሪቲ» ብሎ የተረጐመው ዕብራይስጡ «ቱማ» የሚለውን ነው፤ ይህም ተፈጸመ፥ ተሟላ ከሚለው ሥር ይወጣል። የእኛም «ፍጹም» ፈጸመ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ዕብራይስጡንና አማርኛውን ያገናኛቸው አንድ መንገድ ነው። እንግዲህ «በአማርኛ አይገኝለትም» ያለው ሰው አልፈለገም ማለት ነው። ነገር ግን «ፍጹም» የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው ኃጢአትና ስሕተት የሌለበት በሚል ትርጕም ስለ ሆነ፥ ሰዎች ከፍ ባለ መደርደሪያ አኑረው «ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነው» እያሉ ከግዴታው ያመልጡበታል።

ደግሞም ቃሉን ከተቃራኒው ማወቅ ይቻላል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲቋቋም «ሙስና» የሚለው የግዕዝ ቃል በየቤቱ ገባ። ብዙዎች ሙስና ማለት ጕቦ ማለት ብቻ ይመስላቸዋል። በግዕዝ ግን «ማሰነ» ተበላሸ፥ ጠፋ ማለት ሲሆን «ሙስና» ጥፋትና ብልሽት ነው። በላቲንም የዚህ አቻ የሆነው ቃል መሥሩ መስበር ነው። እነዚያ ሲሰበር አዩት፤ የእኛ አባቶች ሲበላሽ አዩት። ከሁለቱም የምንማረው ጕቦ መጀመሪያ የሚያጐድለው የመንግሥትን ካዝና ሳይሆን የሰጪውንና የተቀባዩን ሙሉነት መሆኑን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስንተርት፥ ምሳሌ የምንናገር ይመስለናል እንጂ የተበላሸ ሰው ደንብ መሆኑን አናስተውልም። ሲበላ የኖረውስ ሲሻር ምን እንደሚቈጨው የሚናገር ተረት ለምን አልተረትንም?

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1911 ዓ.ም. የተጻፈው የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በአሥረኛው አንቀጽ፥ አባል መንግሥታት ሁሉ አንዱ የሌላውን የግዛት «ኢንተግሪቲ» ሊያከብሩና ከውጭ ወረራ ሊጠብቁ ይገደዱ ነበር። ዛሬ በአማርኛ «የግዛት አንድነት» እያልን የምንተረጕመው ይህ ነው፤ ሥዕሉም ያው ነው፤ ያልተነካ ምድር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ በዚህ ቃል ታምና ነው።

የ1928 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነችው በጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር በጄኔቭ ጉባኤ ቆሞ፥ መንግሥቱ ለቃል ኪዳኑ በጽናት እንደሚቆም ተናገረ፤ ንግግሩም ዓለምን አስደነቀ። በመስከረም 22 ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በኅዳር 28 ቀን ይኸው ሚኒስትር በፓሪስ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ፥ ከኢትዮጵያ ምድር ሰፊውን ክፍል ለወራሪው የሚያስረክብ ዕቅድ በምሥጢር ተስማማ። ነገሩ በፓሪስ ጋዜጦች ስለ ወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፥ ሆርም በታኅሣሥ 8 ቀን ሥራውን ለቀቀ። ስድስት ወር ሳይሞላው ግን የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመልሶ ተሾመ። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ በሐምሌ 8 ቀን በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ።

አማርኛ ለዚህ «በሁለት ቢላዋ መብላት» የሚል ስም አለው። ከዚህ ታሪክ የምማረው ግን ስድብ አይደለም። የምማረው የምድር ሙሉነት በፈራሚዎቹ ሙሉነት ላይ የቆመ መሆኑን ነው። በቃል ኪዳኑ ላይ ቃሉ በጥሩ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ የጠፋው ቀለሙ ሳይሆን በጉባኤና በጓዳ አንድ ሆኖ የሚገኝ ሰው ነበር። በግድግዳ ላይ ጽፈው የሚሰቅሉትም መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። «ያልተነካ ማለት ያልተፈተነ ማለት ከሆነ፥ ገንዘብ አልፎበት የማያውቅ ድኻ፥ ሥልጣን ያላየ ሰው፥ በረኀብ ያልተፈተነ ሀብታም ሁሉ ሙሉ ሰው ሊባል ነው?» ለዚህ ላቲኑ መልስ የለውም። የቄሳር ያልተነኩ ጭፍሮች ሙሉ የሆኑት ገና ስላልተዋጉ ነው፤ ከውጊያው በኋላ ምን እንደሚሆኑ ማን ያውቃል? መልሱን የምናገኘው ከኢዮብ ነው። የኢዮብ ከሳሽ የጠየቀው ፈቃድ ይህ ሰው ይነካ ዘንድ ነበር። ተነካም፤ መጀመሪያ ሀብቱ፥ ቀጥሎ ልጆቹ፥ በመጨረሻም ሥጋው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ፍጹምነቱን እንደ ያዘ ተመሰከረለት። እንግዲህ የላቲኑ ቃል የዕቃን ሙሉነት በደንብ ይናገራል፤ የሰውን ሙሉነት ግን ዕብራይስጡ ይበልጥ ያውቀዋል። ዕቃ ሙሉ የሚሆነው ሳይነካ ሲቀር ነው፤ ሰው ሙሉነቱ የሚታወቀው ከተነካ በኋላ ነው።

ይህንንም በአገራችን አይተናል። ጄኔቭ ማዕቀቡን ካነሣ ሁለት ሳምንት በኋላ፥ በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። የተጠየቁት አርበኞቹን እንዲያወግዙ ነበር፤ እምቢ አሉ። ሥጋቸው ተነካ፤ ቃላቸው አልተነካም። በታላላቅ አዳራሾች የጠፋው ነገር በአንድ አደባባይ በአንድ መነኩሴ ተገኘ።

አሁን ለተማሪዬ ያሳደርሁበትን መልስ ልስጥ። ወንድሜ ሆይ፥ ታሪኩ ሐሰት ነው፤ ልጅህ እውነቷን ነው። አንተ ግን ሞዴሉን ያልፈረምኸው ሮማውያን ሰም ስላልቀቡ አይደለም፤ ዕቃው ወደ ግምጃ ቤቱ ስላልገባ ነው። ዕቃው ያኔም አልገባም፤ ዛሬም አልገባም። ስለዚህ ሥራህ ምንም አይጐድልበትም። የጐደለው በእኔ ነው። አንተ ያላየኸውን ዕቃ ገብቷል ብለህ አልፈርምም ስትል፥ እኔ ያልመረመርሁትን ታሪክ እውነት ነው ብዬ ለብዙ መቶ ልጆች ፈርሜ ሰጠሁ። ልዩነታችን አንተ ላለመፈረምህ መቀጣትህና እኔ ለፈረምሁት መመስገኔ ነው።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ «ታሪኩ መልካም ፍሬ ካፈራ ምን ቸገረህ? ተወው» ይሉኛል። ይህ ምክር ከልብ ቢሆንም አልቀበለውም። ለመልካም ፍሬ ሲባል ሐሰት ይነገር ካልን፥ ለመልካም ሥራ ሲባል ሐሰተኛ ሰነድ ይፈረም የሚለውን በምን አፋችን እንቃወማለን? ያን ቀን ከተማሪዬ ፊት የቀረበው ወረቀት እንኳ «ለሥራው መፋጠን» ተብሎ የቀረበ ነበር።

ቃሉን በአማርኛ ምን እንበለው ለሚለኝ እኔ ሙሉነት ብል እመርጣለሁ። ቅንነትንና ሐቀኝነትን አልጥልም፤ እነርሱ የሙሉነት ፊቶች ናቸው። ሙሉነትን የመረጥሁበት ምክንያት የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ የሚያውቀው ስለ ሆነ ነው። ልጁ ሙሉ ቍጥርንና ክፍልፋይን ይለያል። እንግዲህ በቤት ሌላ፥ በመሥሪያ ቤት ሌላ፥ በቤተ ክርስቲያን ሌላ፥ በጨለማ ሌላ የሚሆን ሰው ክፍልፋይ ነው ብንለው በቶሎ ይገባዋል። ሰምም ጥሩርም አያስፈልገውም።

የዚህን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለተማሪዬ ልጅ እልክላታለሁ። በእኔ ዘንድ የተማሩ ሌሎችም ይህን ቢያነቡ የሰሙን ታሪክ ከደብተራቸው ይሰርዙልኝ፤ የቀረውን ትምህርት ግን ይያዙት።